ያለ አቋም ምሳ

ሀይለመለኮት ከገጠሩ ሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ስለ ድንች በሽታ ሊማር ነው። ዩኒቨርሲቲ ማለት መምህር የሚያስተምርበት፣ ተማሪ የሚማርበት ቦታ ይመስለው ነበር፤ የዋህ። በገባ በሳምንቱ የመኝታ ክፍሉ ልጆች ከበው የፖለቲካ አቋሙን ጠየቁት። ስለ ድንች ነገራቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው ግን እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ አይመጣም፣ የላከው አለ ብለው ጠረጠሩት።

ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጌቾና ወገኖቹ የሚጽፉት የአቋም መግለጫ «በጥብቅ ያወግዛል» ካላለ ሞተን እንገኛለን ይላሉ፤ እነ ፍሥሐ ደግሞ «ያወግዛል» ይበቃል ባይ ናቸው። ማንን እንደሚያወግዝ ሀይለመለኮት ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለት ጊዜ ተገላምጧል። ካፌ ሲገቡ እነዚያ በአንድ ጠረጴዛ፣ እነዚህ በሌላው ይቀመጣሉ፤ እሱ ብቻውን ይበላል። ከሰባት እህትና ወንድም ጋር በአንድ ገበታ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ሽሮውን ሳይጨርስ እየተነሳ ከሳ። ተደብቆ ያለቀሰበትም ቀን አለ።

በሁለተኛው ዓመት ከእረፍት ሲመለስ ያገለገለ የፀጉር ማሽን ይዞ መጣ። ፀጉሩን የሚቆረጥ ፖለቲከኛ የሰው አቋም እንደማይጠይቅ ያኔ ገባው፤ የሚፈልገው ጆሮ ብቻ ነው። ጌቾ አንገቱን ደፍቶ ይተነትናል፣ ሀይለመለኮት «እሱስ ልክ ነህ» እያለ ይቆርጠዋል። ፍሥሐም ተራው ሲደርስ ይተነትናል፤ እሱም ልክ ነው። ወር ሳይሞላ ሁለቱም ወገኖች የእኛ ሰው አሉት። ምሳውን ከነጌቾ፣ እራቱን ከነፍሥሐ ጋር እየበላ ፊቱ ሞላ።

የመግለጫው ክርክር አልቋጭ ሲል፣ ሁለታችንም የምናምነው ሰው ይፍረድ ተባለ። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ስም ጠሩ። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ተሰብስበው መሃል አቆሙት። መዋሸት አልሆነለትም።

«እኔ ጭንቅላታችሁን የማውቀው ከውጭ በኩል ነው» አላቸው። «ውስጡን አላየሁትም።»

ተንኮል አልነበረውም፤ የማያውቀውን አላውቅም ማለቱ ነው። እነሱ ግን ዓመት ሙሉ ያጡትን አንድነት በአንድ ደቂቃ አገኙትና ሀይለመለኮትን አወገዙት። በጥብቅ።

በማግስቱ ትሪውን ይዞ ጥግ ተቀመጠ። ማንጠግቦሽ የምትባል የሕግ ተማሪ አጠገቡ መጥታ፣ እሷም ፖለቲካ እንደሚያንገሸግሻት ነገረችው። በሦስተኛው ቀን አምስት ሆኑ፤ በሳምንቱ ጠረጴዛ መግጠም ግድ ሆነ። የሚወራው ስለ ኳስና ስለ ፈተና ነው። ሀይለመለኮት ስለ ድንች አወራ፣ ሰዎቹም ሰሙት። ከቤቱ ከወጣ እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ ለጠረጴዛው ሊቀመንበር ተመረጠለት። ማንጠግቦሽ ደግሞ ጸሐፊ ሆና አንድ ቀን ምሳ ላይ ደብተር ይዛ መጣች።

«ሀይሌ፣ ፖለቲካ ውስጥ እንደማትገባ እዚህ ጋ ፈርም። ያልፈረምከው አንተ ብቻ ነህ፤ ልጆቹ እየተጠራጠሩህ ነው።»

ለምን ሊላት አፉን ከፈተ። ዞር ብሎ ሲያይ ጠረጴዛው ሁሉ መጉረስ አቁሞ እሱን ይጠብቃል። ፈረመ። እሷም ደብተሩን እያጠፈች፣ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው አዲስ ተማሪ አቋሟ እንዳልታወቀ፣ ሄዶ እንዲያጣራ ነገረችው።

ሀይለመለኮት እጁን ጠርጎ ተነሳ፤ ሄዶም አቋሟን ጠየቃት።