የእቴቴ የንጋት እንግዶች

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሦስት ሰዎች ኮልፌ የነበረውን የቤታችንን በር ገፍተው ገቡ። አንዱ የጣልያን መኮንን፣ አንዱ ለጣልያን ያደረ፣ ጠመንጃ የያዘ አስካሪ፣ አንዱ አስተርጓሚ ነበር። አክስቴ ከተኛችበት ሳትነሣ ሰደበቻቸው። እኔ ሳቅሁ። ሰዎቹ አንድ ዕቃ ሳይነኩ ወጡ።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማስረዳት ግን ከዚያ በፊት ከነበሩት ምሽቶች መጀመር አለብኝ።

ኮልፌ ያኔ የከተማው ጫፍ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ የገብስ ማሳ ነበር። ቤታችን ባለ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ሲሆን፣ ከበሩ በላይ ጭድና ፍልጥ የምናስቀምጥበት ቆጥ ነበረው። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እኅት አስካለ ናት፤ እቴቴ እላት ነበር። አባቴና የእሷ ባል አብረው ወደ ሰሜን ዘምተው አብረው ቀሩ። ባሏ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ እሷም የእሱን መስፊያና ቆዳ አንሥታ ሥራውን ቀጠለች። ሴት ኮርቻ ስትሰፋ አይቶ የማያውቅ ደንበኛ መጀመሪያ ይስቃል፤ በቅሎውን ጭኖ ሆለታ ደርሶ ሲመለስ ግን ሌላ ደንበኛ ይዞ ይመጣል።

እቴቴን ዱካክ ይይዛት ነበር። ንጋት ላይ እንቅልፉ ሳይለቃት ዓይኗ ይገለጣል። ቤቱን እንዳለ ታየዋለች፤ ምሰሶውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቆዳ፣ አጠገቧ የተኛሁትን እኔን። እጅና እግሯ ግን አይታዘዛትም፤ ምላሷ ይተሳሰራል፣ ደረቷ ላይ የወፍጮ መጅ የተጫነባት ይመስላታል፤ ከበሩ አጠገብም የማታውቀው ሰው ይቆማል። ዛሬ ሐኪም ብንጠይቅ አእምሮ ከአካል ቀድሞ ሲነቃ፣ ሕልሙም ገና ሳያልቅ ዓይን ሲገለጥ የሚደርስ ነገር ነው፣ ጤነኛ ሰውም ያጋጥመዋል ይለናል። ያኔ ይህን የሚነግረን አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን መድኃኒት አዘዘላት፤ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ክታብ፣ አንዱ ትራስ ሥር የሚቀመጥ ብረት።

«ቢላውን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ» ትል ነበር። «ዱካኩም መጣ፣ ጆሮዬም ቆሰለ።»

ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ዱካክ የእቴቴ ብቻ መሆኑ ቀረ። ቤት ሲቃጠል ያዩ፣ ሬሳ ያነሡ፣ ዘመዳቸውን ፈልገው ያጡ ትልልቅ ሰዎች ንጋት ላይ አንድ ነገር እየመጣ እንደሚጫናቸው መናገር ጀመሩ። ቀን ላይ በሹክሹክታ፣ እንደ ነውር ነበር የሚያወሩት። ማታ ማታ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ በአጥር ቀዳዳ እየሾለኩ እኛ ቤት ይመጡ ጀመር፤ ምድጃው ላይ ፍሙ አመድ ለብሶ፣ ኩራዙ ላምባ ለመቆጠብ ክሩ ዝቅ ብሎ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እኛ ልጆቹ በቆዳው ክምር ላይ ተቀምጠን እንሰማ ነበር።

ተረት የምለው ያኔ የሰማሁትን ነው። የእቴቴ ተረት ግን ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ነበረው።

አንድ ምሽት ቆጮ ነጋዴው ጎረቤታችን ጋሽ በርጋ መጡ። ወንድማቸው በየካቲት ቤቱ ውስጥ ተቃጥሎ ሞቷል። ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው ናቸው፤ የዚያን ዕለት ግን ተጣጥፈው ነበር የተቀመጡት።

«ዛሬም መጣብኝ» አሉ።

«ማነው የመጣብዎት?»

«ያ ባለ ጣሳው ነዋ። ላምባ የያዘው። መጥቶ ደረቴ ላይ ወጣ።»

«ጣሳውን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?»

«እኔ እንጃ፣ እቴ አስካለ! ነፍሴ ልትወጣ ስትል የሰው እጅ ላጣራ?»

«ያጣሩ እንጂ፤ ያለ ክፍያ ነው የሚያዩት። ኮፍያስ አድርጓል?»

ጋሽ በርጋ አሰቡ። «አድርጓል መሰለኝ።»

«ሰው ቤት ውስጥ ኮፍያ! አሳዳጊ የበደለው። ክብሪትስ ይዟል?»

«ክብሪት… ክብሪት እንኳ አላየሁበትም።»

«እንግዲህ ይኸው ነው!» አለች እቴቴ ጉልበቷን መትታ። «ላምባውን ተሸክሞ ከየት እስከ የት ዞሮ፣ ክብሪት ረስቶ ኖሯል። ጎረቤቱን ሁሉ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ። የእርስዎን በር ገፍቶ ገባ። ‹ጌታዬ፣ ክብሪት ይኖርዎታል?› ቢል እርስዎ እንደ በሬ ያንኮራፋሉ። ታዲያ ምን ያድርግ? ደረትዎ ላይ የወጣው ሊቀሰቅስዎት ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ በርጋም ሳቁ፤ ኋላ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የሳቁ ይሁን የሌላ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።

የቤቱ ሕግ ይህ ነበር። የንጋት እንግዳ የመጣበት ሰው እንግዳውን ከኮፍያው እስከ ጫማው ይናገራል፤ እቴቴ ተረት ታደርገዋለች፤ ማንም ሳይስቅ አይሄድም፣ ልጅም ቢሆን። «ዱካክ የሚፈራው ነገር የለም» ትል ነበር፤ «የሚያፍርበት ግን አለው።» ለተያዘም ሰው አንድ ምክር ነበራት፦ መጮኽን ተወው፣ ከትንሿ የእግር ጣት ጀምር፤ እሷ ከተነቃነቀች ሌላው ይከተላል። ይህ ምክር እንደሚሠራ በራሴ አረጋግጫለሁ።

በእነዚያ ምሽቶች ከራሳችን በላይ፣ ከቆጡ ላይ፣ ሰው ተኝቶ ነበር። የእቴቴ ልጅ ታዬ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ጭኑን ቆስሎ፣ ክረምቱ ሲጋመስ በጨለማ አምጥተውት በጭድ ሸፍነነው ነበር። አርበኛ የተገኘበት ቤት ከነሰዉ ይቃጠል እንደነበር እኔም ዐውቅ ነበር፤ ያኔ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። ታዬ ቆጡ ላይ መኖሩን ከጎረቤት ማን እንደሚያውቅ ግን አናውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ተረቱ መሃል ከላይ የታፈነ ሳቅ አመለጠ። ተረቱ ተቋረጠ። እቴቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ወይ ጉድ» አሉ ጋሽ በርጋ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ «ዱካኩም ገባው። ቀጥዪ እንጂ።»

ቀጠለች።

ያ የመስከረም ንጋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የነቃሁት በብርሃን ነበር። ከእግራችን በኩል የእጅ ባትሪ የያዘ ረጅም ሰው ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ጥላዎች አሉ። ወደ እቴቴ ዞርኩ። ዓይኗ ተገልጧል፣ አይርገበገብም፤ አካሏ እንደ ግንድ ደርቋል። ዱካክ ይዟታል ማለት ነው አልኩ፤ እኔም እያየሁት ስለሆነ እኔንም ይዞኛል። ስለዚህ አልጮኽኩም። እንደተማርኩት ትንሿን የእግር ጣቴን አነቃነቅኋት፤ እሺ አለችኝ።

አስካሪው የቆዳውን ክምር በአፈሙዝ መገልበጥ ጀመረ። መኮንኑ ምሰሶውን ተደግፎ ባትሪውን ወደ ላይ፣ ወደ ቆጡ ማንሣት ሲጀምር የእቴቴ ምላስ ተፈታ።

«ዛሬ ደግሞ ሦስት ሆነህ መጣህ?» አለች፣ ድምጿ እንደ ሰከረ ሰው እየተጎተተ። «ብቻህን አልቻል ሲልህ ዘመድ አዝማድ ጠራህ? ድግስ የለም! ያንን መብራት አንሣ፤ መልክህን እንደሆነ ጠግቤዋለሁ። ደግሞ ከነኮፍያው! እናትህ አላሳደገችህም? ውጣ ብያለሁ፤ ስትወጣም በሩን መልስ፣ ብርድ ይገባል!»

የቤቱን ሕግ ዐውቅ ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳቅሁ።

መኮንኑ ባትሪውን ወደ እኛ መለሰና አስተርጓሚውን በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው ከሲታ፣ ካፖርቱ የሰፋበት ሐበሻ ነበር። እቴቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ መለሰለት። መኮንኑ እጁን ከምሰሶው ላይ መንጭቆ አነሣ። አስካሪውን ጮኾ ጠራው። ወጡ። አስተርጓሚው መጨረሻ ወጣ፤ በሩንም መለሰው።

እቴቴ ትንሽ ቆይታ በደንብ ነቃች። «ኧረ ዛሬስ በዝቶ መጣ» አለችኝ እያዛጋች።

«እቴቴ፣ እኔም አየሁት።»

ወለሉን ተመለከተች። በእርጥብ ጭቃ የታተመ የቦት ጫማ ዱካ ከበሩ እስከ መደባችን ድረስ ነበር። ቁጭ አለች፤ ቀና ብላም ቆጡን አየች።

«እማዬ» አለ ታዬ ከላይ፣ በቀስታ። «ያ ዱካክ አልነበረም።»

በዚያው ሳምንት ታዬን በኮርቻ ጭነት መሃል ሸሽገው በአስኮ በኩል አሻገሩት። ዳነ፤ ከነጻነት በኋላ አግብቶ ወለደ። ወታደር ግን ሰፈሩን ሲፈትሽ የእኛን ደጅ እያለፈ ይሄድ ነበር። ኮልፌም ታሪኩን ተቀበለ፦ አስካለ ጣልያንን ከነመሣሪያው፣ ከመደቧ ሳትወርድ፣ በስድብ ብቻ አባረረችው። ገበያ ላይ መንገድ ይለቁላት ነበር። እሷም ማታ ማታ ስትተርከው መኮንኑን እግሩ የሚተሳሰር ረጅም ሽመላ፣ አስተርጓሚውን ጌታው ያለውን ብቻ የሚደግም የገደል ማሚቶ አድርጋ ነበር፤ ሁልጊዜም የሚበዛው ሳቅ በማሚቶው ላይ ነበር። እኔ የዚያች ሴት ልጅ መባሌ ከየትኛውም ማዕረግ በልጦብኝ አደግሁ፤ ዛሬም ይበልጥብኛል።

በኋላ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ሰዎች የሚያስፈራ ነገር ሲነግሩኝ ጣሳው በየትኛው እጅ እንደነበር እጠይቃለሁ፤ ሲጠየቅ የማያንስ ፍርሃት ጥቂት ነው ያጋጠመኝ። ጥያቄውን ያስተማረችኝ ማንበብ የማትችል ኮርቻ ሰፊ ናት፤ ያስተማረችኝም በፍምና በኩራዝ ብርሃን ነው። ያቺን ንጋት ግን ጠይቄያት አላውቅም። እዚያው ስለነበርኩ የማውቃት መስሎኝ ነበር።

እቴቴ ከሞተች በኋላ ስለ አንድ የምንጭ ውሃ ልጽፍ አስኮ ሄድኩ። የምንጩን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ ተባልኩና ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ከሲታ ሰው ናቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳልነግራቸው፣ የኮልፌ ሰው ነኝ ስላልኩ ብቻ፣ ምንጩን ትተው ሌላ ነገር ጀመሩ።

«ኮልፌ አንድ ቤት ገብቼ ነበር፣ በጣልያን ጊዜ፣ አስተርጓሚ ሆኜ። አንዲት ሴት ሰደበችን። ‹በሩን መልስ፣ ብርድ ይገባል› አለች። ይኸውልሽ፣ እሱን ረስቼው አላውቅም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «መኮንኑ ምን አለች ብሎ ሲጠይቅዎት ምን አሉት?»

«ተስቦ ይዟት እየቃዠች ነው አልኩት። ትንሿም ልጅ ጀምሯታል፣ ያለ ምክንያት ትስቃለች፣ እዚህ ቤት ምንም አይነካ አልኩት። ተስቦ እንደሆነ ከጥይት ይበልጥ ይፈሩት ነበር።»

«ተስቦ አለመሆኑን በምን ዐወቁ?»

«እናቴን ዱካክ ይይዛት ነበር፣ ልጄ። ያን ዓይን ዐውቀዋለሁ።»

«ከዱካክ ሌላ ያ ቤት የያዘውን ግን አያውቁም ነበር» አልኳቸው።

ሽማግሌው ትከሻቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ።

«መኮንኑ መብራቱን ሲያነሣ ከቆጡ ላይ ጭድ ረገፈ» አሉ። «ትከሻዬ ላይ ነው የወደቀው። ሳላራግፈው ወጣሁ።»