ለአያ ጥጋቡ ያላደረስኩት ሰላምታ

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና መርፌዬ ላይ ክር ሳላስገባ ነው የተደወለልኝ። አያ ጥጋቡ አረፈ። "የቱ ጥጋቡ?" አልኩ፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሌላ ጥጋቡ የማውቅ ይመስል።

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። ምናልባት ሌላ ሰው አንስቶ ሌላ ነገር ይነግረኝ ይሆናል ብዬ። ያው ሰው አነሳ፤ ያንኑ ነገረኝ።

ለማታውቁት፣ አያ ጥጋቡ በወጣትነቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከቋራ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ያኔ ሠራተኛው ከመተማ ተነስቶ በእግሩ ነበር የሚመጣው፤ መንደር ለመንደር እያደረ፣ ሱዳኖቹ ለመንገደኛ ደጃቸው ላይ ከሚያኖሩት ጋን ውሃ እየጠጣ። መኪና ሲበዛ የእግር መንገዱ ተረሳ። እሱ ግን አልረሳውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ድሮ ያሳደሩትን ሰዎች ቤት ለቤት ዞሮ አነጋገረና መንገዱን መሄድ ለሚወድ ሁሉ ከፈተው። ከመተማ ማዶ ካለችው ጋላባት እስከ ገዳሪፍ፣ አምስት ቀን በእግር። የከተማው ተማሪዎች፣ እዚሁ የተወለዱ የኛ ልጆች፣ አንዳንዴም ከሩቅ የመጡ እንግዶች ይከተሉት ነበር።

ስንቅ መያዝ ክልክል ነው። ጋላባት ላይ ቦርሳ ይፈትሻል። የእኔን ብስኩት አውጥቶ ለፍየል ሰጠብኝ። የምትበይውን ከመንደሩ ካልገዛሽ ሰው ቤት ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ አለኝ። ተናድጄ ነበር፣ ግን እውነቱን ነው። በእግረኛው ምክንያት ሁለተኛ ጋን የገዛ፣ የገመድ አልጋ የጨመረ፣ አትክልት መትከል የጀመረ ቤት ስንቱን አይቻለሁ።

እኔን ያብከነከነኝ ሌላው ሕግ ነው። ካደርክበት ቤት ስትወጣ ለቀጣዩ ቤት ሰላምታ ተቀብለህ ትወጣለህ። ከወዲያ የሚመጣ መንገደኛ ካገኘህ ደግሞ የደረስክበትን ትነግረዋለህ፤ እሱም ላሳደረህ ቤት ያደርስልሃል። "የሰው ሰላምታ ቤትሽ አይደር" ይል ነበር። ለምን? ስልክ የለም እንዴ? ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። ጥያቄ ስለማበዛ "ምርመራ ክፍል" ነበር የሚለኝ። መልሱን ግን ቶሎ አልሰጠኝም።

በመጀመሪያ ጉዞዬ፣ ከዶካ ወዲህ ካለች መንደር ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ለቀጣዩ ቤት መልእክት ሰጡኝ። እኔ ደግሞ እዚያ ስደርስ የቤቱን ሴትዮ ኪስራውን፣ ያን የሱዳኖቹን እንጀራ፣ እንዴት እንደ ወረቀት እንደምታሳሳው ስጠይቅ መልእክቱ ከነጭራሹ ጠፋኝ። "ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋችኋል" ብዬ ተገላገልኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ድንገት ትዝ አለኝ። የጠፋው አህያችሁ እኛ ጋ ነው በያቸው ነበር ያሉኝ።

ለአያ ጥጋቡ እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደመጣንበት መመለስ ጀመረ። ሰባታችንም በዚያ ፀሐይ ተከተልነው። ጓደኞቼ ያን ቀን ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ስንደርስ አባወራው አህያውን ፍለጋ ወጥቷል፤ ያውም በሌላ አቅጣጫ። ሚስቱ ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

መልሱን ያገኘሁት ያኔ ነው። መንገዱን እንደገና ስንጀምር ሳልጠይቀው ነገረኝ። በወጣትነቱ መንገድ ላይ ወባ ጥሎት፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ቤቷ የምናድረው የሐጃ ዘይነብ ባል አንስቶ ቤቱ አስገባው። ሐጃ አስታማ አዳነችው። ሲሻለው የሚለው ቢጠፋው፣ አፍሮ ሳይሰናበት ሄደ። በዓመቱ በዚያ ሲያልፍ ሐጃ ደጇ ላይ አየችው። አልተቆጣችም። "ወሰልተ?" ብቻ አለችው። ደረስክ ወይ ማለቷ ነው። ለካ ባልዬው ያን ጊዜ፣ የሆነ ቦታ ወድቆ እንዳይሆን እያለ፣ ሦስት መንደር ድረስ እየሄደ ሲጠይቅ ነበር።

"ያሳደረሽ ሰው እኮ መድረስሽን እስኪሰማ አያርፍም" አለኝ አያ ጥጋቡ። "አሁን ገባሽ፣ ምርመራ ክፍል?"

ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ነው ግን አሁን የምነግራችሁን ያደረግኩት።

የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ጉዞው ቆመ። የመጨረሻው ጊዜ ሐጃ ዘይነብ ቤት አድረን ገዳሪፍ ገባን፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ተመልሶ መድረሳችንን የነገራት እግረኛ የለም። መንደሯ ከአስፋልቱ ሩቅ ነው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ልጇ ለዒድ ቀሚስ ልታሰፋ ሱቄ መጣች። እናቷ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ደህና ናት አለችኝ። ለጥጋቡ አድርሱልኝ ብላ ከላከችው ሰላምታ ጋር አንዲት ጥያቄ አለች፤ ያችው የድሮዋ።

አያ ጥጋቡ መታመሙን አውቃለሁ። ቤቱ ከሱቄ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የዒድ ልብስ ተከምሮብኝ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ሰላምታ ቤቴ አደረ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ከቀብሩ መልስ ነው። ቅዳሜ ሐጃ ዘይነብ ጋ እሄዳለሁ። መኪናው እስከሚያደርሰኝ ደርሼ ቀሪውን በእግሬ። መከተል የሚፈልግ ካለ ስንቅ እንዳይዝ።

አያ ጥጋቡ፣ አንተ ለአንድ አህያ ብለህ ሰባት ሰው መልሰሃል፤ እኔ ላንተ ግማሽ ሰዓት አጣሁ። ይቅር በለኝ። መንገዱ ይቅናህ፣ የሚቀበልህ ቤት አይታጣ።

ሐጃ ዘይነብ ሰላም ብላሃለች። ደረስክ ወይ ትላለች።

ምን ልበላት?