ቋጠሮ የማይሻገረው ወንዝ

ልጅ እያለሁ የምንተኛበት ጀንዲ ጠርዙ ዙሪያውን የተበሳሳ ነበር። የታረደ በሬ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲወጠር በየጠርዙ ካስማ ይመታበታል፤ ሲደርቅ ካስማው ይነቀልና ቀዳዳው ይቀራል። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ጣቴን በየቀዳዳው እያስገባሁ እጫወት ነበር። የዚያ ቆዳ ሽታ፣ ከላይ የምንለብሰው የበግ ጠጉር ባና ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀዳዳዎቹ ሌላ ሥራ እንዳላቸው ግን ያወቅሁት ዓባይ ዳር ነው።

አገራችን ከመካነ ሰላም ብዙም ያልራቀ ደጋ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ከገደሉ አፋፍ ቆመን ስናይ ጎጃም እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። ቀን ጭሱ፣ ሲመሽ እሳቱ ይታየናል። ለመድረስ ግን ቆላውን ቀን ሙሉ መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ እንደገና ቀን ሙሉ መውጣት ነው። ትልልቆቹ "ጎጃም ለዓይን ጎረቤት፣ ለእግር ባዕድ" ይሉ ነበር።

እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ሦስተኛው ሲወለድ ማዶ ላለችው ማርያም "ይህን ካተረፍሽልኝ ለኅዳር ጽዮን ደጅሽን አስስመዋለሁ" ብላ ተሳለች። ልጁ ተረፈ። ኪዳኔ አልነው። ገና መዳህ ሲጀምር ኅዳር ደረሰ።

አባቴ አጨዳ ላይ ነበርና መሄድ አይችልም። ፈርቶም ነበር።

"ውሃው ገና አልጎደለም። ለታኅሣሥ ብታደርጊው ማርያም ትቆጣለች?" አላት።

"ማርያም አትቆጣም። ቀኑን የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ" አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ በቤታችን አልተወራም። ስንቅ ተሰነቀ፤ ኪዳኔን በአንቀልባ የማዝለው እኔ ሆንኩ።

ከሰፈራችንና ከወግዲ ከመጡ በዓል አክባሪዎች ጋር ወረድን። ደጋውን ስንለቅ ባናችንን አውልቀን ሸክም አደረግነው። አየሩ ከበደ፤ የደረቀ ሣርና የጋለ ድንጋይ ሸተተን። ወንዙ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ብዙ ሴቶች በአንድ ቤት የሚፈጩ ይመስላል ድምፁ። ኪዳኔ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ላቡ ከላቤ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። በመንገድ አድረን፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ አሸዋው ጋ ደረስን።

የሚያሻግሩን ዋናተኞች ሁለት ናቸው። ዋናው ስማቸው ሙሐመድ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን አያ ሙሄ ይላቸዋል። የእኛው ቆላ እስላም ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው ሽበት የጀመረው። ጓደኛቸው ደምሴ ከጎጃም ዳር ነው፤ በዕድሜ ያንሳቸዋል። ሁለቱ ሲሠሩ ሲተራረቡ ነው የሚውሉት።

"ጎጃሜ መቼ ዋና ያውቃል! እኔ እጎትታለሁ፣ እሱ ይጎተታል" ይላሉ አያ ሙሄ።

"ወሎዬ የሚዋኘው በአፉ ነው" ይላል ደምሴ።

አያ ሙሄ በድንጋይ ተጭኖ ውሃ ውስጥ ያደረውን የበሬ ቆዳ አውጥተው አሸዋው ላይ ዘረጉት። እንደ ቤታችን ጀንዲ ነው፤ ጠርዙም እንደዚያው የተበሳሳ። መሃሉ ላይ የደረቀ ሣርና ጭራሮ አስረው አደረጉበት። ከዚያ በቀዳዳዎቹ ጠፍር እያስገቡ ጠርዙን ዙሪያውን ወደ ላይ ሰበሰቡት። የምንተኛበት ቆዳ ተነሥቶ እንደ ትልቅ ገበቴ ሆነ። ታንኳችን ይኸው ነበር። አንደኛው ዋናተኛ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ከፊት ይጎትታል፤ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ዳር የቀሩት ሰዎች አዞ እንዳይቀርብ ይጮኻሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ።

አያ ሙሄ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ቋጠሮ ያለበት ሰው አያሳፍሩም። መቀነት ይፈታል፣ ነጠላ ከትከሻ ይወርዳል፣ አንቀልባ ከጀርባ ይወርዳል። "ዓባይ የታሰረ አይመልስም። የተፈታ ሰው ግን በፀጉሩም በክንዱም ተይዞ ይወጣል" ይሉ ነበር።

እናቴ መቀነቷን ፈታች። የእኔንም ፈታች። ከዚያ እጇ እየፈራ ወደ አንገቷ ሄደ። አያ ሙሄ ገባቸው።

"ኧረ እቴ! ማተብሽንማ ተይው። እሱ የአንቺና የፈጣሪሽ ነው፤ ከእኔ ጀንዲ ጋር ምን አለው?"

እናቴ ጭራሮው ላይ ተቀመጠች፤ እኔን በጉልበቶቿ መሃል አደረጉኝ። ኪዳኔን ከነአንቀልባው አቀፈችው፤ ጠፍሮቹ ተፈትተው ተንጠልጥለው ነበር። አያ ሙሄ ገመዱን ሊይዙ ዞር ሲሉ፣ እናቴ አንደኛውን የአንቀልባ ጠፍር በልጁ ወገብ አዙራ ከጀንዲው ጠርዝ ጋር ፈጠን ብላ ቋጠረችው። ሁለት ልጅ የቀበረች እጅ ናት፤ ሦስተኛውን ሳታስር ውሃ ላይ ማስቀመጥ አልቻለችም። አየኋት። ዓይኗ ዝም በይ አለኝ።

"ቢስሚላህ" አሉ አያ ሙሄ። "በስመ አብ" አለች እናቴ። ገባን።

ከዳር ሲያዩት የሚያብረቀርቀው ውሃ ከላዩ ሲሆኑ ጥቁር ነው። ቆዳው ከሥሬ እንደ ነፍስ ያለው ከብት ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከኋላችን የሰዉ ጩኸት፣ ከፊታችን የአያ ሙሄ ራስ ብቻ። እናቴ በከንፈሯ ትጸልያለች፤ ድምፅ የላትም። መንገደኛ ከጮኸ ዋናተኞቹ እንደማይሰማሙ ነግረውን ነበር።

መሃል ላይ ደርሰን ሳለ ከላይ አንድ ግንድ መጣ። ክረምቱ የሆነ ቦታ ጥሎት ያኔ የተነሣ መሆን አለበት። ደምሴ አይቶ ጮኸ፤ ግን ዘገየ። ግንዱ ጎኑን መትቶት አለፈ፤ ጀንዲያችንንም በቅርንጫፉ ጫረው። ገመዱ ከአያ ሙሄ ጥርስ ተፈልቅቆ ወጣ። ዞርን። ሰማዩ፣ ገደሉ፣ ጎጃምና ወሎ አንድ ላይ ዞሩብኝ። ጠርዙ አጎነበሰና ውሃው ጭኔ ላይ ፈሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ጀንዲ ውሃ ከያዘ ይለቀቃል። የዋናተኞች ሥርዓት ነው፤ ቆዳው ይሂድ፣ ሰው ይውጣ። አያ ሙሄ ጠርዙን ይዘው ብቅ አሉ።

"እቴ፣ ልጁን ስጪኝ! ጀንዲዋን እንለቃታለን!"

እናቴ ኪዳኔን አነሣች። አልመጣም። ቋጠሮውን ያዘች። የራሰው ጠፍር አብጦ፣ ቋጠሮው ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች። ቢላ ዳር ቀርቷል፤ የሚዋኝ ሰው ቢላ አይዝም። አያ ሙሄ ከጥርሷ ሥር ያለውን ቋጠሮ አዩ።

"ያረቢ" አሉ።

ያን ጊዜ እኔንና እናቴን ይዘው መውጣት ይችሉ ነበር። ማንም አይወቅሳቸውም። ሕጋቸውን ያፈረሰችው እሷ ናት። ፊቷን አዩ፣ ኪዳኔን አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸው ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ረጋ አለ።

"አብሽሪ እቴ። በቃ፣ አትንኪው። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ልጅት፣ አንቺ በቅሉ ውሃውን ቅጂ።"

ገመዱን ለደምሴ ሰጡት። ራሳቸው ትንፋሻቸውን ስበው ሰጠሙ። ጀንዲው ከሥራችን ከፍ ሲል ተሰማኝ። በትከሻቸው ተሸክመውን ነበር። ይወጣሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይሰጥማሉ። ሲሰጥሙ ከፍ እንላለን፤ ለትንፋሽ ሲወጡ ዝቅ እንላለን፣ ውሃው ይገባል፣ እኔ በመጠጫ ቅላችን እቀዳለሁ። ደምሴ ጎኑን እያመመው እያቃሰተ ይጎትታል። ዳር ያሉት ሰዎች ጩኸታቸውን አቁመው በአሸዋው ላይ ከእኛ ጋር ወደ ታች ይሮጣሉ። ከሁሉ ያስፈራኝ የእነሱ ዝምታ ነው።

እናቴ አልጮኸችም። ልጇን እንደያዘች ቀጥ ብላ እንደ ተክል ተቀመጠች። ወዲያ ወዲህ ብትል አያ ሙሄ ላይ እንገለበጥ ነበር። እንዲያ ያለ ፍርሃት ይዞ እንዲያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በኋላ በሰው ላይ አላየሁም። ኪዳኔ ነቅቶ ጀንዲው ውስጥ የገባውን ውሃ በእጁ ይመታ ነበር።

ከመሻገሪያው በጣም ርቀን፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ድንጋይ ላይ ነው የወጣነው። አያ ሙሄ አሸዋው ላይ በግንባራቸው ተደፉ፤ እየሰገዱ ይሁን ወድቀው አልለየሁም። ትከሻቸው ተልጦ ደም ይወርዳል። ከጎጃም ወገን ሰው ቢላ ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ አያ ሙሄ ተቀብለው ጠፍሩን ራሳቸው ቆረጡት። እናቴ ተንበርክካ እግራቸውን ልትስም ስትል እግራቸውን ሰበሰቡ።

"አስተግፊሩላህ! ተይ እቴ!"

"በድዬዎታለሁ አያ ሙሄ። ይማሩኝ።"

"ምን በደል አለው። እናት ነሽ" አሉ፤ ከዚያ ትንፋሻቸው ሲመለስ ሳቃቸው መጣ። "እንዲህ አድርገሽ ከያዝሽው የጀነት በርም ላይ የሚያስለቅቅሽ የለም።"

ደምሴ ጎኑን ይዞ "ለካ ወሎዬ ያለ አፉም ይዋኛል" አለ። ሁላችንም እየተንቀጠቀጥን ሳቅን።

በኅዳር ጽዮን ደረስን። እናቴ ኪዳኔን ደጁን አስሳመችው። ካህኑ ለጸሎት ስም ሲጠይቋት መጀመሪያ የልጇን ሰጠች፤ ቀጥላ "ሙሐመድ" አለች። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

"ልጄ፣ ይህ ስም የእኛ ነው?"

"አባቴ፣ ወንዙ ላይ ሁሉን ፍቺ ሲሉኝ፣ ማተብሽን ተይው ያሉኝ እሳቸው ናቸው።"

ካህኑ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። ከዚያ "እንግዲያስ ድገሚልኝ፣ እንዳልስተው" አሉ።

ስንመለስ ውሃው ትንሽ ጎድሎ ነበር። አያ ሙሄ ትከሻቸው ሳይድን ቆመው ጠበቁን። ሕጋቸውን ሳይናገሩ እናቴ መቀነቷን፣ ነጠላዋን፣ አንቀልባውን ፈትታ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። እሳቸውም ቋጠሮ የሚፈልጉ መስለው ዙሪያዋን ዞሩና ወደ እኔ ጠቀሱ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለረመዳን ከቤታችን የበሶ ገብስ ወደ ቆላ ይወርድ፣ ከቆላ ሎሚ ይወጣልን ነበር። የደጋ ቤታችን ሎሚ የሸተተ ዕለት አያ ሙሄ ደኅና ናቸው ማለት ነበር። ሲሞቱ እናቴ ለሰደቃቸው ስንዴ አስጭና ወረደች። ገደሉን የምትወርድበት ዕድሜ አልፎ ነበር። አልከለከልናትም።

እኔም ወልጄ ሳቅፍ የእናቴ ቋጠሮ ገባኝ። የአያ ሙሄ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እናት ለልጇ ነው። እሳቸው የሰው ልጅ፣ ያውም በሰው ጥፋት የታሰረ፣ በትከሻቸው ተሸከሙ። እንዲህ ያለ ሰው ስላሳየኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዛሬ ዓባይ ላይ ድልድይ አለ። አምና ልጄ ሂሩት በመኪናዋ ወደዚያችው ማርያም ወሰደችን። ወንድሜ ኪዳኔ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ራሱ ነጭ ሆኗል። እናታችን ቀን ሙሉ የወረደችውን ገደል መኪናዋ ወሬያችን ሳያልቅ ጨረሰችው። ገና ስንነሣ ሂሩት "እማዬ፣ ቀበቶሽን እሰሪ፤ ጋሼም ይሰር" ብላ አሳስራን ነበር። በዚህ ዘመን የሚተርፈው የታሰረ ነው። ትክክል ናት።

ድልድዩ ላይ ስንወጣ በመስኮት ወደ ታች አየሁ። ውሃው ከላይ ሲታይ ያው ያብረቀርቃል። እጄ ሳላዘው ሄዶ ቀበቶዬን ፈታው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የኪዳኔንም ፈታሁ። ተኝቶ ነበር፤ አልነቃም። መኪናዋ ጢጥ ጢጥ አለች።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ሂሩት።

"እስክንሻገር ነው" አልኳት።