የጎሚስታው ጀልባ

መሕቡብ በወገዳ ከተማ ገበያ ዳር ጎማ ሲጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እጁ ሥራ ያውቃል፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። የመጣ ሹፌር ሁሉ ጎማው እስኪጠገንለት አንድ ሁለት ውሸት ሰምቶ፣ ስቆ ይሄዳል።

ባለፈው ጥር ሁለት አሮጌ የአይሱዙ የውስጥ ጎማዎች ነፋ። አናጢው ጓደኛው ምንተስኖት ሳንቃ አጋደመባቸውና በገመድ ጠፍሮ ጀልባ አደረጋቸው። ለመቅዘፊያ ከምንተስኖት አባት አውድማ ሁለት የእህል መዝሪያ ላይዳ ተዋሱ፤ አባትየው ግን ማዋሳቸውን አያውቁም ነበር። ሦስተኛዋ ተሳፋሪ አብራቸው የተማረችው ነርሷ ማስተዋል ናት።

«ዋና ትችላለህ?» አለችው መሕቡብን።

«እንደ ዓሣ!»

ዕድሜውን ሙሉ ከጉልበቱ ያለፈ ውኃ ገብቶ አያውቅም።

የመረጡት በቆላው ደን ውስጥ የሚያልፈውን ወንዝ ነው። ማንም ዝር አይልበትም። ሦስቱንም ያስተማሯቸው፣ አሁን ጡረታ የወጡት ጋሽ እንድርያስ «እዚያ ጥጃ የሚውጥ ዘንዶ አለ» እያሉ የስንቱን ልጅ ልብ አሸብረዋል።

ውኃው ዝግ ብሎ ይፈስሳል። ሾላውና ዋንዛው ከወዲህና ከወዲያ ተቃቅፎ ፀሐይዋን ጋርዷታል፤ ሐረጉ ውኃው ድረስ ወርዷል። ጎንበስ እያሉ፣ ቅርንጫፍ እየገፉ ሄዱ። መሕቡብ አንድ እርጥብ ሐረግ ቀስ ብሎ ሳበና ምንተስኖት ማጅራት ላይ ጣል አደረገው።

«ዘንዶ!» ብሎ ምንተስኖት ዘለለ።

ጀልባዋ ዳር ሄዳ ተላተመች፤ የቀጋ እሾህ አንዱን ጎማ ወጋው። ፍስስስ!

«ጠግነዋ!» አለች ማስተዋል።

«ማስቲሹን ሱቅ ትቼው መጣሁ።»

ጀልባዋ ተገለበጠች። «ያ አላህ! ሰጠምኩ! እናቴን አደራ!» እያለ መሕቡብ ተንፈራገጠ።

«ኧረ ቁም!» አለችው።

ቆመ። ውኃው ወገቡ ድረስ ነበር።

ሳቃቸው ሳያባራ ከወንዙ መታጠፊያ የተቆጣ ድምፅ መጣ። «ዝም በሉ! ዓሣዬን አባረራችሁብኝ!»

ጋሽ እንድርያስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ መንጠቆ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቅጠል ላይ ሰባት ዓሣ ተጋድሟል።

«ጋሼ… ዘንዶውስ?» አለ መሕቡብ፣ ውኃው እየተንጠባጠበበት።

አቀርቅረው መንጠቆውን ነካኩ። «ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ መጥቶብኝ አያውቅም ነበር» አሉ በሐዘን። ቀና ብለው ደግሞ፣ «ለሰው ትናገራላችሁ?»

«ስንት ዓሣ እንደሚሰጡን አይተን ነዋ!» አለች ማስተዋል።

ሰባቱም እዚያው ፍም ላይ ተጠበሱ። መሕቡብ አጥንት እየለቀመ፣ በውሸት የሚስተካከለኝ የለም የሚለው እሱ ከአስተማሪው ጋር ሲወዳደር ገና ጀማሪ እንደሆነ ገባው፤ አልከፋውም፣ እንዲያውም ኮራባቸው።

በሳምንቱ ጀልባዋ ተጠግና ስትወርድ ጋሽ እንድርያስ ቀድመው ተሳፈሩ። ላይዳውን ከመሕቡብ እጅ ነጠቁና፣ «አንተ እግርህን ሰብስብ፤ አቅጣጫ የማውቀው እኔ ነኝ» አሉት። ከዚያም ሦስቱንም ይዘው እዚያው አንድ ቦታ ላይ እስከ እኩለ ቀን ተሽከረከሩ።