አራስ የማትነካው ቦኖ

«ባህላችሁን እናከብራለን» የሚለኝ ሰው ከእንግዲህ ቢያጋጥመኝ አልከራከረውም። የእህቴን ቢጫ ጄሪካን አሸክሜ ወደ ገደሉ ወንዝ እልከዋለሁ። ሲመለስ ስለ ባህል እናወራለን።

የተወለድኩት ከደባርቅ ቁልቁል፣ አስፋልቱን ትተው በእግር ወይም በበቅሎ በሚደርሱባት መንደር ነው። እኔ እንግሊዝኛዬን ይዤ ደባርቅ ገባሁና ለቱሪስት በማስተርጎም እተዳደራለሁ። ታናሽ እህቴ እዚያው አግብታ ቀረች። መንገዱ ገና ሰላም በነበረበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡ የምሕንድስና ተማሪዎች ለመንደራችን ንጹሕ ውሃ ሊያወጡ ነው ተባለ። በበጎ ፈቃድ ነው፣ የትኬታቸውን እንኳ ራሳቸው ችለው። አስተርጓሚ ሲፈልጉ እኔን አገኙ። አልዋሽም፣ እልል ነው ያልኩት። እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችበት የውሃ መንገድ ሊቀር ነው ብዬ የዚያን ቀን እንባዬ መጥቷል።

ውሃ የሚቀዳው ከገደሉ ግርጌ ከሚፈሰው ወንዝ ነበር። መውረዱ ቀላል ነው። ሲመለሱ ግን ጄሪካኑ ጀርባ ላይ፣ ድንጋዩ እግር ስር፣ ነፍስ ጉሮሮ ላይ ናት። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ተጠራርተው አብረው ይወርዱ ነበር። የታመመች ወይም የወለደች ካለች በተራ ይቀዱላታል። ይህን ማንም አያዛቸውም፣ ማንም አያመሰግናቸውም፤ እንዲሁ የሚደረግ ነገር ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ደግሞ ጥሩ ምንጭ አለ፣ ግን የታቦቱ ጠበል ነው። በሽተኛ ይጠመቅበታል፣ ይጠጣዋል እንጂ ለወጥና ለልብስ አይቀዳም። የወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት አትቀርበውም። አራስም ወንድ ከወለደች እስከ አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች እስከ ሰማንያ ቀን፣ ልጇን ክርስትና እስክታስነሳ ድረስ አትነካውም። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም።

ተማሪዎቹ መንደሩን ዞረው የምንጩን ኃይል ለኩ፣ ከፍታውን ለኩ፣ ከሁሉም የታቦቱ ምንጭ ይሻላል አሉ። ውሃው በራሱ ቁልቁል ወርዶ መንደሩ መሃል ለሚሠራው ቦኖ ይደርሳል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ስብሰባ ተጠራ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ፣ የእኛም የነፍስ አባት የሆኑት አባ፣ ፊታቸው በራ። «ታቦታችን በጸጋው ደጃፋችን ድረስ ሊመጣልን ነው» አሉ። ቀጥለውም «ከቦኖው ለወጥም ለልብስም ይቀዳ፤ የሴቶች ሥርዓት ግን እንደተጠበቀ ነው። ምንጩ ላይ የተከለከለች ሁሉ ቦኖውም ላይ የተከለከለች ናት» ሲሉ ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሴቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አባቷና አማቿ በተቀመጡበት ሜዳ ተነስታ «እኔ ደም ላይ ስሆን ከየት ልቅዳ?» የምትል ሴት ካለች አምጡልኝ። ዝም አሉ። ዝምታቸው ስምምነት ተብሎ ጭብጨባ ሆነ።

የተማሪዎቹ አለቃ ሴት ነበረች። እኔን እስካሁን የሚያበግነኝ ይኸው ነው። ለብቻዋ ወስጄ ነገርኳት። ግማሽ የሚሆነው የመንደሩ ሰው በየወሩ ለቀናት ይህን ውሃ መንካት አይችልም፣ የወለደች ሴት ደግሞ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን አልኳት። ከማዶ ደግሞ ሌላ ምንጭ አለ፣ ገደሉ ላይ ስለሚፈልቅ በእጅ አይቀዳም እንጂ ታቦት የለበትም፤ የሜዳውን ጥግ ዞሮ ተጨማሪ ቦይ መቆፈር ብቻ ነው የሚፈልገው። የመንደሩ ወንዶች በደስታ ይቆፍራሉ። ፊቷ ቀላ። ስለ ወር አበባ ስናገር ቀላች፣ ስለ ሲሚንቶ ስንነጋገር እኮ አትቀላም ነበር!

«ቀናችን አልቋል፣ ተጨማሪ ቁፋሮ አይደርስልንም» አለችኝ። «ደግሞ ይህ የማኅበረሰቡ ውሳኔ ነው። እኛ ባህላችሁን እናከብራለን፣ ጣልቃ አንገባም።»

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ሳንቃ በር ሄደው አደሩ። ለጭላዳ ቀን አልጠፋም። የተረፈው ቧንቧም ተጠቅልሎ ትምህርት ቤቱ ግቢ ቀረ። የመንደሩ ልጆች ዛሬም ድረስ ይጋልቡበታል።

ሰነፎች ነበሩ አልልም። መዳፋቸው እስኪላጥ ሠርተዋል፣ ገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ከወንዶቻችን ጋር ድንጋይ ተሸክመዋል። ቦኖውም ጥሩ ቦኖ ነው። የሕፃናቱ ተቅማጥ ቀንሷል፣ ይህን የካደ እግዜር ይፈርድበታል። በምርቃቱ ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ እልል ተባለ። ያኔ እህቴ እርጉዝ ነበረች። ቦኖው ስር አቁመው፣ ሆዷን በእጇ አስይዘው፣ ፈገግ በይ ብለው ፎቶ አነሷት። እሷም ደስ ብሏት ፈገግ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደባርቅ ሆኜ እየሰማሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረድኩ አየሁ። ድሮ ሁሉም ሴት ወንዝ ስለሚወርድ የማን ቀን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። አሁን ወንዝ የምትወርደው ደም ላይ ያለችዋ ብቻ ናት። ጄሪካን ይዛ ቁልቁል የታየች ሴት ለመንደሩ ሁሉ አዋጅ አስነገረች ማለት ነው። ጎረምሶች ይሳሳቃሉ። ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጃገረዶች በዚያ ቀን ውሃ ከመቅዳት ውሃ ሳይጠጡ መዋል መረጡ። አንዷን «ለምን?» ብላት «ከሚስቁብኝ ብጠማ ይሻለኛል» አለችኝ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀን ማለት ነው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ባሏ ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወርዷል። «ጎረቤት አለኝ» ብላ ነበር የምትመካው። ጎረቤቶቿ ገንፎ ይዘው መጡ፣ ቅቤ ይዘው መጡ፣ መርቀው ሄዱ። ውሃ ይዛ የመጣች ግን የለችም። የታቦት ውሃ አራስ ቤት ገብቶ የደም ጨርቅ ሊታጠብበት? ቢገድሏት የምታደርገው የለችም። ደጃፏ ቦኖ እያለ ለሰው ብላ ገደል የምትወርድም የለችም። ብትወርድ ደግሞ «ምን ሆና ነው?» ይባልባታል።

ስለዚህ እህቴ ራሷ ወረደች። አራስ! ልጇን አዝላ፣ ሰው ሳያያት ጎህ ሲቀድ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስደርስ መደብ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ጭቃው አዳልጧት ክርኗ ተልጧል። እኔን ያስደነገጠኝ ክርኗ አይደለም፣ ቆሞላት የነበረው ደም እንደገና መምጣቱ ነው። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አስወሰድኳት። መድኃኒት ሰጧትና «ደሙ ከቀጠለ ለሕይወትሽ ያሰጋል፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ» ብለው መለሷት። አብራኝ ደባርቅ እንድትገባ ለመንኳት። «ቤቴን ዘግቼ፣ በጎቼን ለማን ሰጥቼ? ደግሞ ክርስትና ሳላስነሳት መንገድ ለመንገድ ይዣት አልዞርም» አለች። ሥራ ፈትቼ እዚያ ልሰነብት ደግሞ እኔ የምበላው የለኝም። ቅዳሜና እሑድ ቀድቼላት የምሄደው ውሃ ማክሰኞ ሳይደርስ ያልቃል።

ለተማሪዎቹ አለቃ በስልክ ጻፍኩላት። የሚያለቅስ ፊት ላከችልኝ። «በጣም ያሳዝናል፣ ለሚቀጥለው ቡድን እናስተላልፋለን» አለች። ገጻቸውን ስከፍተው እህቴን አየኋት። ሆዷን ይዛ ቦኖው ስር ፈገግ ብላለች። ከስሯ «ለእናቶች ንጹሕ ውሃ» ይላል። ስልኩን ግድግዳው ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም፣ የኑሮዬ መሣሪያ ስለሆነ ብቻ ተውኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። አራሲቱ እንዴት ናት?»

«እየደማች ነው፣ አባ። የወለደች ጊዜ ውዳሴ ማርያም ደግመው ቤቷን ጠበል የረጩላት እርስዎ አልነበሩም?»

«እኔ ነኛ።»

«ጠበሉ ከየት የመጣ ነው?»

«ከታቦታችን ምንጭ ነዋ!»

«ታዲያ በእጅዎ ሲሆን አራስ ቤት የገባ ውሃ፣ በጄሪካን ሲሆን ለምን አይገባም?»

መስቀላቸውን አገላበጡ። «ያ ለበረከት ነው፣ ይህ ለደም ጨርቅ ማጠቢያ ነው። ሥርዓት ነው ልጄ፣ እኔ አላወጣሁት፣ እኔ አልሽረው። ፈረንጆቹ ይኸኛው ይሻላል አሉን እንጂ ከማዶው እናምጣ ቢሉን መቼ እንቢ አልን?»

«እነሱ እኮ የእናንተ ውሳኔ ነው አሉኝ!»

«እንግዲህ ለሰበካ ጉባኤው አቀርበዋለሁ። ታኅሣሥ ሲወጣ እንሰበሰባለን።»

ታኅሣሥ ሲወጣ! እስከዚያ ወይ ሰማንያው ይሞላል ወይ እህቴ ትቀበራለች። ክፉ ሰው ቢሆኑ በወጣልኝ ነበር፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ስወጣ ለእህቴ ብለው ማር በብርጭቆ ሰጡኝ። ማሩን እንዳልመልሰው ነውር ነው፣ እንዳልወስደው ያንቀኛል። ወሰድኩት።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። እህቴ «ላም አለኝ በሰማይ አሉ» አለች።

በማግስቱ እሑድ፣ ሰዉ ከቅዳሴ በሚመለስበት ሰዓት፣ ልጇን አዝላ ባዶውን ጄሪካን አነሳች። ወንዝ ልትወርድ መስሎኝ ልቀማት ተነሳሁ። እሷ ግን ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ መሃል ሄደች። እየሮጥኩ ተከተልኳት። ቦኖው ጋ ሴቶች ተሰልፈዋል፣ ሽማግሌዎች ከወዲያ ቆመው ይጨዋወታሉ።

«እናንተ፣ አራሲቱ!» አለች አንዷ። «ኧረ በታቦቱ! አንቺ፣ አትንኪው!»

ሰልፉ እንዳትነካቸው ሸሽቶ ተከፈተላት። ጄሪካኑን አስቀመጠችና ቦኖውን ከፈተችው። ድንጋይ ቢመጣ ለመጋረድ ከጀርባዋ ቆምኩ። እስኪሞላ ጠበቀች፣ ጠብታ እንዳይባክን አጥብቃ ዘጋችው፣ ከዚያ ዞር ብላ ሁሉንም አየቻቸው።

«ልጄ ጠማት እንዳልል ጡት ነው የምትጠባ» አለች። «እኔ ነኝ የጠማኝ።»

ጄሪካኑን እኔ ተሸከምኩት። ድንጋይ አልመጣም። ስድቡ ግን ቤታችን ድረስ ሸኘን።

ከቀትር በኋላ ቦኖው ተዘጋ። ሱባኤ ተይዞ፣ በሚመጣው እሑድ ጸሎት ተደርሶ እስኪረጭ ማንም እንዳይቀዳ ተባለ። መንደሩ በእህቴ ላይ ተነሳ። እርጉም፣ ደፋር፣ ታቦት ደፋሪ አሏት። ከሁሉ የባሰችው የቅርብ ጎረቤቷ ነበረች። ግን ውሃ ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ እያጉረመረሙ ተጠራሩና እንደ ድሮው ወንዝ ወረዱ።

ወደ ደባርቅ ለመመለስ እየተሰናዳሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ያቺው ጎረቤት ናት። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ሙሉ ጄሪካን ከጀርባዋ አውርዳ ደፉ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ የዲያብሎስ ቁራጭ! በአንቺ ሰበብ ጉልበቴ አለቀ» አለቻት። «በይ ተቀበይኝ፣ የወንዝ ነው። ነገ የእነዚያ የላይ ቤቶቹ ተራ ነው።»

ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

ሳምንቱን ሙሉ እየተሰደበች ውሃ ተቀዳላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ደሙ ቆሞ፣ ፊቷ ደም መስሎ፣ ጨርቆቿ ታጥበው አጥር ላይ ተሰጥተው አገኘኋት።

እሑድ ጸሎቱ ተደረሰ። አባ ጠበል ረጭተው ቦኖውን ባረኩና ከፈቱት። እልልታው ቤታችን ድረስ ተሰማ። ከሰኞ ጀምሮ ወንዝ የሚወርድ ሰው እንደሌለ እኔም እሷም አውቀናል። ሰማንያው ገና እሩቅ ነው። እህቴ ልጇን እያጠባች እልልታውን እስኪያባራ አዳመጠችው፣ ከዚያ በሩ ስር ወደተቀመጠው ባዶ ጄሪካን ተመለከተች።

«እንደገና ልንካው እንዴ?» አለችኝ።

እየቀለደች ይሁን የምሯን አላውቅም። እኔ አልቀለድኩም።

«ንኪው» አልኳት።