ወንድሜና የማኅበሩ ሴቶች

የወንድሜ ድቁና የፈረሰው ሰው አጋልጦት አይደለም፤ በራሱ እግር ሄዶ ለንስሐ አባታችን ተናግሮ ነው። መርሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሲወራ ግን እንደተያዘ ሌባ ተደርጎ ነው የሚወራው።

ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ ጭነት መኪና ሥር ተኝቶ የሚውል መካኒክ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እጁን በናፍጣና በኦሞ እስኪላጥ ያሸዋል፤ እሑድ ጠዋት በዚያው እጅ መስቀል ይዞ ይቆማል። እናታችን በዚያ እጅ ትኮራ ነበር። የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች የሚጠሯት "የዲያቆኑ እናት" እያሉ ነው፤ ስሟን የሚያነሳ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ ባለው ዓመት ውርጌሳ የተበላሸ መኪና ሊሠራ ሲመላለስ፣ መንገድ ዳር ቁርስ ቤት ያላትን ሴት ወደደ። ግራና አጠገብ ካለ ገጠር የመጣች፣ በልጅነቷ ተድራ ባሏ ጥሏት የጠፋ ሴት ናት። አላታለለችውም። ገና ሲጀምሩ "አንተ ዲያቆን ነህ፣ እኔ ፈት ነኝ። በእኔ የተነሳ ክህነትህ ይፈርሳል" ብላዋለች። እሱም ደንቡን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን መለያየት አልሆነላቸውም፤ አብረው መኖር ጀመሩ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ አባ ቤት ሄዶ ሁሉንም ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መቅደስ አልገባም።

አባ ሽማግሌ ናቸው፤ እናታችንን ያጋቡ፣ እኛንም ያጠመቁ። በማግስቱ ከሰዓት ምርኩዛቸውን ይዘው ጋራዥ ድረስ መጡ። ምሳ አድርሼለት ስለነበር እዚያው ነበርኩ። ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"ጥፋት ነው ልጄ" አሉት። "ጥፋት አይደለም ብዬ አላባብልህም። ድቁናህ ከእንግዲህ አይመለስም። እኔም ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት።"

ወንድሜ ጭንቅላቱን ደፍቶ "አውቃለሁ አባ" አለ።

"እሷን ግን እንዳትጥላት። አንድ ሰው ጥሏታል፣ ይበቃታል። ቀኖና እሰጣችኋለሁ፤ ጾማችሁን ጹሙ፣ ስግደታችሁን ስገዱ። ስትጨርሱ ራሴ ጸሎት አድርሼላችሁ ትቆርባላችሁ።"

ሲነሱ ግንባሩን ሳሙት። ግራሶ የቀባው ግንባር ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። አልጠረጉትም።

በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ሰብሳቢ ቤታችን መጣች። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት። የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "ምን ጉድ ነው የሰማነው! አንቺ ልጅሽን ለዚህ ነው ያሳደግሽው?" አለች። ወንድሜ እዚያው ቆሟል። "አንተም በዚያ አፍህ ስትቀድስ ኖረሃል! እኔ ስለምወድህ ነው የምነግርህ" አለችው። ወዲያው ሦስት አራት ሴቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "የዲያቆኑ እናት" የሚላት ጠፋ፤ እሷም ወንድሜን በስሙ መጥራት ተወች። "ያ ሰው" ነበር የምትለው።

ባልና ሚስቱ ቀኖናቸውን ጨረሱ። አባ እንዳሉት ጸሎት አደረሱላቸው፤ ቆረቡ። ነጭ እንደለበሱ፣ እንደ ደንቡ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እናቴ መጡ። እናቴ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው የነጠላ ሱቄ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ትንሽ ጠብቀው ወደ መኪና መንገዱ ወረዱ።

አባ ይህን ሰምተው እናቴን ሊያናግሩ መጡ።

"እግዜር ይቅር ብሎ ሥጋና ደሙን የሰጣቸውን አንቺ ምን ቤት ነሽና ትመልሻቸዋለሽ?" አሏት።

"እኔማ ይቅር ብል ደስ ይለኝ ነበር" አለች እናቴ እያለቀሰች። "ሰውን ምን ላድርገው አባ? አንቱ አሁን ተናግረው ይሄዳሉ። እኔ ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው።"

አባ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። እንደዚያ ደክሟቸው አይቻቸው አላውቅም።

ወንድሜ ጋራዡን ዘግቶ ሚስቱን ይዞ ወልድያ ገባ። ሁለት ልጅ ወለዱ። እናቴ ልጆቹን ያየቻቸው በእኔ ስልክ ነው፤ ሰው ሲመጣ "ዝጊው፣ ዝጊው" ትለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት እናቴ ታመመች። ደወልኩለትና ሁለቱም መጡ። ሚስቱ በረንዳው ላይ ቀረች፣ እሱ ገብቶ እናቴን እግሯን ሳማት። እናቴ ፀጉሩን ደባበሰችው። ከዚያ ወደ በሩ አይታ "እሷስ?" አለች።

"በረንዳ ላይ ናት።"

ትግባ ልትል ነበር። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ የከንፈሯን እንቅስቃሴ አይቻለሁ። ነገር ግን ሰብሳቢዋና ሁለት የማኅበሩ ሴቶች ሊጠይቋት መጥተው ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠዋል። እናቴ እነሱን አየች። ዓይኗን ጨፈነች። "ኋላ ትምጣ" አለች።

ኋላ የሚባል ነገር አልተገኘም፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለቅሶው ላይ የወንድሜ ሚስት ራሷ የጋገረችውን እንጀራ በመሶብ ሞልታ ይዛ መጣች። ከጓሮ ከሚያበስሉት ሴቶች መሐል ተቀምጣ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሰብሳቢዋ መጥታ ቢላዋውን ከእጇ ወሰደችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

"አንቺ ተይው እህቴ። ማኅበርተኛ የሚበላው ነው።"

መሶቡንም ክዳኑን ሳይከፍቱ ወስደው ከማገዶው ጎን አስቀመጡት። ሚስቱ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ "ምን ማለታችሁ ነው?" ብዬ ስጮህ ወንድሜ ከድንኳኑ መጣ። ማንንም አልጠየቀም። መሶቡን ከማገዶው ጎን አንስቶ ከፈተው፤ ወጥ የሌለውን እንጀራ እየቆረሰ፣ ቆሞ፣ እየተንሰቀሰቀ በላ። ሴቶቹ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ከዚያ ሚስቱን ክንዷን ይዞ አስነሳት። ሥልስቱ ሳይወጣ፣ የእናቱ ድንኳን ሳይፈርስ፣ ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ። ሊያጽናኑ የመጡ ሰዎች "ወንድ ልጇ የታለ?" ይሉኝ ነበር።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ መርሳን አልረገጠም። ይህ አንሶ ቤተ ክርስቲያን መሄድም አቆመ። እሑድ ሚስቱንና ልጆቹን በባጃጅ ደጀ ሰላሙ ድረስ ያደርሳቸውና ይመለሳል። ሚስቱ ለምናዋለች፣ እኔም ለምኜዋለሁ። አባ ዓይናቸው ደክሞ ወልድያ ሊታከሙ በሄዱ ጊዜ ያረፉት እሱ ቤት ነበር። "ይሄም ጥፋት ነው" ብለውታል፤ ዛሬም ሐቁን አይሸሽጉትም። እሱም "አዎ አባ" አለ። ያጥባቸው፣ ሐኪም ቤት ያደርሳቸው ነበር፤ በምንም እንቢ አይላቸውም ነበር። እግሩ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄደለትም።

በቅርቡ ሰብሳቢዋ ሱቄ መጥታ ነጠላ እያማረጠች፣ "ወንድምሽ መሳለም ተወ አሉ። ነፍሱ እንዳትጠፋ፤ ምከሪው እንጂ" አለችኝ።

"አብረን እንሂድና እርስዎ ይምከሩት" አልኳት። "ጠዋት ተነስተን ከሰዓት እንመለሳለን። ሚስቱ ምሳ ትሠራልናለች።"

እጇ ነጠላው ላይ ቀረ። "ጉልበቴን ያመኛል፣ መኪና አይስማማኝም" አለች።

"እንግዲያው ስልክ ልደውልልዎት። ይቅርታ ይበሉት፤ ከዚያ ይምከሩት።"

"የምን ይቅርታ? እኔ ምን አደረግሁ?" አለች። የምሯን ነበር። ትክ ብዬ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ቅንጣት ሐፍረት የለም። የመረጠችውን ነጠላ አጥፋ መልሳ ባንኮኒው ላይ አኖረችውና ወጣች።

እኔ ከማኅበሩ ወጥቻለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን አልቀረሁም። እሑድ እሑድ በሴቶች በኩል ስቆም ከሰብሳቢዋ ጋር ብዙ ጊዜ የምንገናኘው ጎን ለጎን ነው። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ወደ እኔ ዞራ ዝቅ ትላለች። እኔም ዝቅ እላለሁ። ቀና ስንል አንተያይም።