የሰው ብር በቢተው መዝገብ

ቢተው ሰው በደጁ ሲያልፍ የብር ሳጥኑን ከፍቶ መዝጋት ይወድ ነበር። ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት ከኛ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ። ከዚያ በፊት ከሮብ ገበያ በአህያ ገብስ የሚያመላልስ ደኅና ሰው ነበር ይላሉ። እንጃ፤ እኔ ያየሁት ባለሱቁን ቢተው ነው።

ሱቁ ውስጥ የራሱ የሆነ ጥቂት አቡጀዲና ጥቂት ጨው ነበር። የቀረው የሰው ማር ነው። ባለማሮቹ እሱ ዘንድ ያስቀምጣሉ፤ እሱ ይሸጥና ከአሥር ብር አንዱን ለድካሙ ወስዶ ዘጠኙን በአደራ ይይዝላቸዋል። የእናቴ ወዳጅ፣ የደምበጫዋ ዘሪቱ፣ እንዲህ እያለች አርባ ጠገራ ብር እሱ ዘንድ አጠራቀመች። በሬዎቿን ጣልያን አርዶ በልቶባት ነበርና ክረምት ሳይገባ ጥማድ በሬ ልትገዛበት ነው።

ቢተው ፊደል አይለይም፤ መዝገብ ግን ይወዳል። ሐሙስ ሐሙስ ደብተራ አካለ ወልድን እየጠራ ያስጽፋል።

«አያ ቢተው፣ ይሄ እኮ ያንተ አይደለም። ለአደራው ሌላ ገጽ ላብጅለት» ይለዋል ደብተራው።

«ሳጥኔ ውስጥ አይደል ያለው?»

«ሳጥንህ ውስጥማ አይጥም አለ።»

«አንተ ጻፍ! ወፈር አድርገህ ጻፍ!»

መዝገቡ ወፈረ። በኋላ የጣልያን ሹም የነጋዴውን መዝገብ እያየ ግብር ሊጥል ሆነ። ሌላው ነጋዴ መዝገቡን ሲደብቅ የኛ ጀግና በነጠላ ጠቅልሎ ተሸክሞ ሄደ። አስተርጓሚው «ይህ ሁሉ ያንተ ነው?» ቢለው «ታዲያ የማን ሊሆን!» አለ። ሹሙም ሁሉንም ደምሮ በዚያው ልክ ጫነበት። ያን ጊዜ «የሰውም አለበት» ማለት ሞት መሰለው። ከዘሪቱ ብር ከፈለ።

ግንቦት ላይ ዘሪቱ መጣች።

«አያ ቢተው፣ ብሬን ስጠኝ፤ ዝናቡ ደረሰ።»

«የምን ብር? መዝገቤን መንግሥት አይቶ ያንተ ነው ብሎኛል።»

«የቱ መንግሥት? በሬዬን የበላው?»

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደጅ ሽማግሌ ተቀመጠ። ቢተው በመዝገቡ ልረታ ብሎ ራሱ ይዞት መጣ፤ ሞኝ። አካለ ወልድ እንዲያነብ ተጠራ። አንዱ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው፣ «ይህ ቀዩ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጌጥ ነው» አለ ቢተው፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ጌጥ አይደለም» አለ ደብተራው። «እኛ መጽሐፍ ስንጽፍ የማርያምን ስም በቀይ እናወጣለን። ሌላ ገጽ ቢከለክለኝ የሰውን ስምና የሰውን ብር በቀይ ጻፍሁት። የሱ ጥቁሩ ነው።»

አነበበ። የዘሪቱ ብቻውን አርባ ሞላ። የቢተው ጥቁር ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቢተው የጣልያኑን ገንዘብ፣ የሊሬ ወረቀት አወጣ። «ያስቀመጥሁት ብር ነው» አለች ዘሪቱ፤ ሽማግሌዎቹም ብሩን በብር ፈረዱ። አቡጀዲውን በርካሽ አራግፎ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ በሦስተኛው ቀን ከፈላት። እሷ ደጃችን ተቀምጣ እያንዳንዱን ብር ድንጋይ ላይ እየጣለች ድምፁን አዳመጠች። ሁለቱን መለሰችበት።

«እነዚህ አይጮሁም፤ ለውጠኝ።»

ለወጠ። አላዘንሁለትም። ስንቱ ደግ ሰው ተረስቶኝ የዚያ ሰውዬ ፊት እስከ ዛሬ አልጠፋ ማለቱ ያናድደኛል። ዘሪቱን ግን የማስታውሳት ከኋላዋ ብቻ ነው፤ ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ ወደ በሬ ገበያው ስትወርድ፣ ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ።